ወፍጮው እንዳይቆም

ቅዳሜ

ዛሬም አልመጣም።

አባ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሚኤሶ ሲወርድ ለእራት እደርሳለሁ ብሎ ነበር። የትኛው እራት እንደሆነ አልነገረንም። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ጣቢያው ላይ ወድቀው የቀሩ የቦርደዴ መንገደኞች አሉ፣ አንዲት ነፍሰ ጡርም አለችበት የሚል ወሬ ሰማ። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም። እግረ መንገዱን ለወፍጮው ናፍጣ እገዛለሁ አለ። እማ ለመነችው። «መንገዱ ግንባሩን ጥሎ በመጣ ወታደር ተሞልቷል። መሣሪያ የያዘ ሰው ሲርበው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?» አለችው። «የተራበ ሰው እኔም አውቃለሁ፤ ሥራዬ ዱቄት አይደል እንዴ?» ብሎ አፏን አስያዛት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። በክርክር አሸንፋው አታውቅም።

ይዞ የሄደው፦ አሮጌውን የጭነት መኪናችንን። ለመንገደኞቹ ሁለት ኩንታል ዱቄት። ከትከሻው የማይለየውን አረንጓዴ ፎጣ። ቢጫውን ጀሪካን።

የጀሪካኑ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል። ሐሙስ ጠዋት ውትፍ የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ከድሮ ዩኒፎርሜ የቀደድኩትን ሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልዬ በክር አሰርኩት። አገላብጦ አየውና «ሃሊማ፣ መምህርነቱ ካላዋጣሽ በዚህ ትኖሪያለሽ» አለኝ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ቤት መዋሌን ሲያይ ነው የሚያሾፍብኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተቆጣሁት። ብስቅለት ምን ነበረበት?

ኦቦ ኡስማን ዛሬ ከሰዓት ተመለሱ። የአባ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ የአፎሻችን፣ የእድራችን፣ ጸሐፊ። አባ ደግሞ የአፎሻው ሰብሳቢ ነው፤ በዚህ ከተማ ሰው ሲሞት ቃሬዛውም ድንኳኑም ከሁለቱ እጅ ነው የሚወጣው። ሐሙስ ማታ ሳይመጣ ሲቀር ኦቦ ኡስማን ዓርብ ጎህ ሲቀድ ፈልጌው ልምጣ ብለው ወረዱ። ዛሬ በረንዳችን ላይ ቆመው «እስከ አሰቦት ሄጃለሁ፤ አላገኘሁትም» አሉ። «ሰዎቹን ይዞ ቦርደዴ ገብቶ ይሆናል። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል።»

እማ ሆጃ በወተት አቀረበችላቸው። ሆጃው ብርጭቆው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ይዘውት ቆይተው፣ ሳይቀምሱት አስቀምጠው ሄዱ። ጫማቸው ነጭ አቧራ ለብሷል፣ የቆላ አቧራ። ደክሟቸዋል፣ ምን ያድርጉ።

እሑድ

እማ ከቦኖ ውሃ ይዛ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ባልዲውን አስቀመጠችና «ወፍጮውን አስነሺው» አለችኝ።

«ማን ሊያስፈጭ? ሰው ሁሉ ፈርቶ ቤቱን ዘግቷል።»

«አስነሺው አልኩሽ።»

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አባ ይህን ወፍጮ ካቆመ ጀምሮ አንድ ልማድ አለው። እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ሀብታም ይሁን ለማኝ፣ በከተማው ሰው ሲሞት ሬሳው እስኪቀበር ሞተሩን ያጠፋል። ሰው ሞቶ ብረት አይጮህም ይላል። ስለዚህ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ወፍጮው በሥራ ቀን ድንገት ዝም ካለ ገበያተኛው ቀና ይልና «ማን ሞተ?» ይላል። ከዚያ ባለ ሱቆቹ በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ። አሁን አባ ከሄደ ጀምሮ ናፍጣ ለመቆጠብ ብለን አጥፍተነዋል። ቦኖው ጋ አንዷ ለሌላዋ «የኦቦ ሙሜ ወፍጮ ቆሟል፤ ነገሩ ምንድነው?» ስትል እማ ሰምታለች።

ማዞሪያውን ብረት ሦስት ጊዜ አዙሬ አልነሳ አለኝ። በአራተኛው ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ ብሎ ተነሳ። ባዶውን ሲዞር ድንጋዩ እንዳይበላላ ከሞተሩ የሚያያይዘውን ቺንጋ አወረድኩት። ሞተሩ ብቻ ይጮሃል። አንዲት ፍሬ ማሽላ በሌለበት የወፍጮ ቤት ውስጥ እማና እኔ ሥራ እንደበዛበት ሰው ተቀመጥን። ዕብድ ነን።

የናፍጣውን በርሜል በዱላ ለካሁት። አንድ ስንዝር።

ሰኞ

ወታደሮቹ ከጠዋት ጀምሮ በእግራቸው እያለፉ ነው። ጫማ የሌለው አለ። አንዱ በራችን ላይ ውሃ ለምኖ ጠጣና «እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ሌላው ጠመንጃውን በአንድ ጣሳ ዱቄት ልሸጥልሽ አለኝ። ዱቄቱን ሰጠሁት፣ ጠመንጃውን ይዘህ ሂድ አልኩት።

የአሱር ሶላት ከመድረሱ በፊት ሩቂያ መጣች። ከቦርደዴ የምትመላለስ ጫት ነጋዴ ናት፣ አባን በደንብ ታውቀዋለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ግቢው መሐል ቆመች፤ ግቢ ብንላት እንቢ አለች።

«አዴ ሞሚና፣ እኔ አይቻለሁ» አለቻት እማን። «ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ከአሰቦት ወዲያ። መኪናው ቆሟል፤ ኦቦ ሙሜ ጎማው ሥር ወድቋል። ፊቱን አይቻለሁ። ደም ነበር። ሾፌሩን አቁም ብዬ ጮህኩበት፣ አቦ እኛንም ልታስመቺን ነው ብሎ ነዳው። አራት ቀን መንገድ ተዘግቶብኝ ነው እስካሁን የቀረሁት።» ከዚያ አለቀሰች። አባ ያሳፈራቸው ሰዎች ግን ቦርደዴ በሰላም ገብተዋል፤ ነፍሰ ጡሯም ወልዳለች አለች። ይህን ለምን እንደነገረችን አላውቅም። ሌላ የምትሰጠን ነገር ስላልነበራት ይሆናል።

እማ አላለቀሰችም። «አንድ ሰው ነሽ» አለቻት።

እዚህ ላይ የአባን ሕግ መጻፍ አለብኝ። ድሮ አንድ ሾፌር ሚኤሶ ላይ ተገልብጦ ሞተ ተባለና አፎሻው ድንኳን ተከለ፣ ፍየል ታረደ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ክንዱን አስሮ ከተፍ አለ። ለቅሶው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተቀምጦ በላ አሉ። አባ ያን ቀን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በነጋታው ግን የሾፌሩ እናት ከድንጋጤዋ አልጋ ላይ መውደቋን ሲሰማ ሳቁ ጠፋ፤ አፎሻውን ሰብስቦ ሕግ አወጣ። ሬሳውን ያዩ ሁለት ሰዎች ካልመሰከሩ ድንኳን አይተከልም፤ ሚስትም የባል ሐዘን ዒዳ አትቀመጥም። ወንድ ይሁን ሴት ሁለት ሰው ይበቃል ብሎ ሼሁን ያስማማውም እሱ ነው።

የአፎሻው ሽማግሌዎች በረንዳችን ላይ ተቀመጡ። ሩቂያ ደግማ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ወደ ኦቦ ኡስማን ዞሩ። «አንተ ዓርብ በዚያው መንገድ ሄደሃል። ምን አየህ?»

ኦቦ ኡስማን መሬት መሬት እያዩ «አላገኘሁትም ብያለሁ» አሉ።

«እንግዲህ ሩቂያ ተሳስታለች» አለች እማ። «በመሸ ጊዜ፣ ከሚሮጥ መኪና ላይ። ወይም ቆስሎ ነበር፣ አንስተውታል። ሃሊማ፣ ወፍጮውን አየት አድርጊ፣ ድምፁ ቀነሰብኝ።»

ማክሰኞ

አዲስ አበባ ተይዛለች ይላል ሬዲዮው። ጎረቤት ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ቀበሌው ክፍት ነው፣ ውስጡ ሰው የለም። ማን እንደሚጠብቀን፣ ማን ቀድሞ እንደሚደርስብን የሚያውቅ የለም። ድሬዳዋ ላለችው እህቴ ለመደወል ስልክ ቤት ሄጄ ነበር፤ በሩ ላይ ፍየል ተኝታለች።

ድሮ በር ሲንኳኳ አባ ነው ብዬ እሮጥ ነበር። አሁን ሁለተኛው ሰው ነው ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ ስድስት ጊዜ ተንኳኳ። እንጀራ ያመጣች። የታመመ ልጅ መድኃኒት ይኖራችኋል ወይ ያለ። ኦቦ ሙሜ መጣ ወይ ያሉ። እንደገና ኦቦ ሙሜ መጣ ወይ።

የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለሱ አንድ ነገር አውርቶ ነው የሚሄደው። አንዳንዱን አላውቅም ነበር። የታችኛው ሰፈር ቦኖ ቧንቧውን በራሱ መኪና ከድሬዳዋ እንዳመጣው አውቃለሁ። ቦዩን ከቀን ሠራተኞቹ ጋር እንደቆፈረ ግን ዛሬ ሰማሁ። ውሃው የመጣ ዕለት የመጀመሪያውን ባልዲ ራሱ ላይ ተሸክሞ ለእማ አቀበቱን ሲወጣ ወንዶቹ ሳቁበት። «ሃያ ዓመት የተሸከመችልኝን አንድ ቀን ብሸከም ምን ይቆጠራል?» አላቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቆላ የወጡ ልጆች ቤታችን ውስጥ ተደርድረው ይተኙ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ አልጋዬን ስለወሰዱብኝ አኩርፌ ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበር ሁን ሲሉት ጆሮዬ አይሰማም ብሎ አመለጠ። ከዚያ በኋላ የቀበሌ ሰው ባየ ቁጥር ይደነቁር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ባል ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ይፈጫል።

ለእማ ያለውን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። እማ ጥርሷ ደካማ ነው፣ ለውዝ ደግሞ ነፍሷ ነው። ሚኤሶ በወረደ ቁጥር ለውዝ ይገዛና በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው እየፈለፈለ ይመጣል። ቀዩን ስስ ልጣጭ እንኳ አንድ በአንድ አሽቶ ያነሳዋል። ገደል ያለበት መንገድ ላይ! ስንቆጣው «መንገዱን መኪናው ያውቀዋል» ይለናል።

ናፍጣው አራት ጣት ቀርቷል። የምናስነሳው ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት ትንሽ ነው። ናፍጣው ካለቀና ሞተሩ ራሱ ከቆመ፣ ከተማው ምስክር ሳይጠብቅ ይፈርድብናል።

ረቡዕ

ረፋዱ ላይ ሞተሩ አሳለ። ሁለት ጊዜ አሳለና ጭሱ ነጭ ሆነ። እማ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። በርሜሉን አዘንብዬ የቀረውን ቀዳሁ። አንድ ጣሳ አልሞላም። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የፋኖስ ላምባቸውን በጠርሙስ ይዘው የመጡት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ያልኳቸውም ነገር የለም፤ ድምፁ ሲያስል ሰምተው ነው። አንዷ «እኛ በጨለማ እናድራለን፣ ምን ይሆናል» ብላ ጠርሙሷን አስቀመጠች። ሰው ሁሉ የምናደርገውን ያውቃል፤ ዕብደታችንን ተካፈሉት።

ከዚያ ኦቦ ኡስማን በዘይት ቆርቆሮ ናፍጣ ይዘው መጡ። ንጹሕ ናፍጣ፣ ቆርቆሮው ሙሉ።

«ከየት አገኙት? ከተማው ውስጥ ጠብታ የለም ይባላል።»

«ከሰው» አሉ።

ከሰዓትም ሌላ ቆርቆሮ አመጡ። እማ እጃቸውን ይዛ መረቀቻቸው። እጃቸውን ቶሎ ነጠቁ። ከቅዳሜ ጀምሮ በቤታችን ውሃ እንኳ አልቀመሱም። «ኦቦ ኡስማን፣ ለአባ እንደሚያስቡ እናውቃለን፤ ራስዎን ከገደሉ ግን ሲመጣ እኔን ነው የሚቆጣኝ» አልኳቸው። ቀልድ ነበር። ፊታቸው የአመድ መልክ ሆነ። ነገ ምሳቸውን ሱቃቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ፤ ሰው እያያቸው መብላት ከብዷቸው ይሆናል።

ሐሙስ

አንድ ሳምንት።

ሐሙስ ስለሆነ ሴቶቹ መጡ። ሦስት ብቻ፣ ግን መጡ። ቺንጋውን መለስኩና ማሽላቸውን ፈጨሁላቸው። ወፍጮው እህል ሲያገኝ ድምፁ ተለወጠ፤ ለትንሽ ጊዜ አባ ከኋላዬ ቆሞ ዱቄቱን በጣቱ እያሸ «አልደቀቀም፣ ጠበቅ አድርጊው» የሚለኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ይህንን እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀትር ላይ የምሳውን ማርቃ፣ ገንፎውን፣ በሳህን ሸፍኜ ወደ ኦቦ ኡስማን ሱቅ ሄድኩ። የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መኪናው ውስጥ ጨርቅ የለም። ሲያዩኝ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡ። ሳህኑን የማስቀምጥበት ቦታ ፈልጌ ጎንበስ አልኩ። ጠረጴዛው ሥር የጨርቅ ቅዳጅ ተቆልሏል። ከቅዳጁ መሐል አንድ ሰማያዊ ነገር ብቅ ብሏል።

የራሴ ክር ነው። የራሴ ዩኒፎርም ነው።

ቅዳጁን ገፋሁት። ቢጫው ጀሪካን።

ሳህኑ እጄ ላይ ነበር።

«ዓርብ ጠዋት ነው ያገኘሁት» አሉ በመጨረሻ። «ሩቂያ ያለችው ቦታ ነው። ሲመለስ ነው። ጥይቱ የማን እንደሆነ እንጃ፤ እረኞቹም አያውቁም። ይዤው እንዳልመጣ እኔ መኪና አልነዳ፣ የሚጭን የለ፤ ፀሐዩ ደግሞ የቆላ ፀሐይ ነው። ሁለት እረኞች ረዱኝ። አጥቤ፣ ሰግጄበት ቀበርኩት። ለስንቱ ከፈን የቆረጥኩ ሰውዬ ለሙሜ አንድ ክንድ አቡጀዲ አልያዝኩም፤ በፎጣው ነው የጠቀለልኩት። ግራር ሥር ነው።»

«እና አላገኘሁትም አሉን!»

«ልናገር ነበር። በረንዳው ላይ እናትሽ ፊቴን ስታየኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ። ሰኞ ሩቂያ ስትመጣማ ባሰ። ሁለተኛው እኔ ነኝ፣ ልጄ። እኔ ከተናገርኩ ሞተ። ዝም ካልኩ ወፍጮው ይጮሃል። ናፍጣውን መጣል አልቻልኩም፣ ለወፍጮው የገዛው አማና፣ አደራ ነው። ከግራሩ እስከ ሚኤሶ በትከሻዬ ነው ያመጣሁት።»

ልጮህባቸው ፈለግሁ። አምስት ቀን ሙሉ እናቴን! ከትናንት ወዲህ ደግሞ አባቴን በራሱ ናፍጣ ሲያኖሩልን! ግን እኔስ ምን ሳደርግ ከረምኩ? ሳህኑን አስቀመጥኩና ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ሲበቃን ከኪሳቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። «ይህ መቀመጫው ላይ ነበር። ለአዴ ሞሚና መስጠት አቃተኝ» አሉ።

ወፍጮ ቤት ስገባ ሞተሩ እየሠራ ነው። እማ ባዶ ኬሻ ላይ ተቀምጣለች። ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

ፈታችው። ለውዝ ነው። የተፈለፈለ፣ ቀዩ ልጣጭ ሳይቀር አንድ በአንድ የተነሳ። የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ብቻ ልጣጫቸው አልወጣም።

እማ አንዷን አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች። ቀስ ብላ አኘከች። ከዚያ ተነሳች፤ ቀሚሷ ላይ የነበረውን ዱቄት አራገፈችና ወደ ሞተሩ ሄደች። ማቆሚያውን ብረት በሁለት እጇ ተጫነችው።

ወፍጮው ቆመ።

ወደ ገበያው በኩል አንድ የሱቅ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዓርብ

ድንኳኑ ተተክሏል። ትናንት ሁለቱ ሰዎች፣ ሩቂያና ኦቦ ኡስማን፣ በአፎሻው ፊት ቆመው መሰከሩ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ የሩቅ ሬሳ ሶላት ሰገደለት። ክርስቲያኖቹም ውጭ መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁ። አጥር ጥግ ሆኜ አየኋቸው፤ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ኦቦ ኡስማንን አንድ ቃል አልተናገሯቸውም። እማ ግን አስጠራቻቸውና በመጋረጃው በኩል ማርቃ ላከችላቸው። በሉ።

እኔ ገና ይቅር አላልኳቸውም። እል ይሆናል።

ምሳ ካለፈ በኋላ እማ ከውስጥ ጠራችኝ። ዒዳዋን ጀምራለች፤ ከቤት አትወጣም። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ግን የራሷ ነው።

«አባትሽ ወፍጮውን የሚያጠፋው እስከ መቼ ነው?»

«ሬሳው እስኪቀበር።»

«እሱ የተቀበረው መቼ ነው?»

«የዛሬ ሳምንት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ይህ ሁሉ ለቅሶ ደራሽ ምን ሊበላ ነው? ሰዉስ ዱቄት ከየት ያምጣ?»

ሄድኩ። ጀሪካኑን ኦቦ ኡስማን አምጥተው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀምጠውታል። ውትፉን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ናፍጣውን ቀዳሁ። ብረቱን አዞርኩ። በሁለተኛው ተነሳ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወዲያው ዝም አለ፤ ከዚያ ወሬው ቀጠለ።

ዛሬም ወታደሮች እያለፉ ነው፤ ከትናንትናው ያነሱ ናቸው። ከኋላቸው ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። ማሽላ የያዙ ሴቶች በሩ ላይ ተሰልፈዋል፤ ይህን የምጽፈው ቋቱ እስኪሞላ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ለነገ የሚሆን ናፍጣ አለ። ከነገ ወዲያ የሚሆን የለም።